ወርቅ ነው ያሏት

ትናንት መናኸሪያ በር ላይ አሮጌ ሰዓትና ቁልፍ የሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ጥብጣቡ የደበዘዘ የዘመቻ ሜዳሊያ አየሁ። አንስቼ አሸተትኩት። እጅ ውስጥ የቆየ ሳንቲም ይሸታል።

በደርግ ጊዜ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሁለት የቀበሌ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሜዳሊያ ለእማዬ ሰጧት። ሰሜን የዘመተው ወንድሜ በጀግንነት ወድቋል አሏት። አላለቀሰችም። ሊያስተዛዝኑ የመጡትን ጎረቤቶች ከደጅ መለሰቻቸው። በማግስቱ እጄን ይዛ ታቦር ተራራ ሥር ወዳሉ አንጥረኛ ሽማግሌ ወሰደችኝ።

«አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ። ወርቅ ነው ብለውኛል። እሱ ውሸት ከሆነ ወሬውም ውሸት ነው።»

ሽማግሌው ጠርዙን በሞረድ ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«ቅብ ነው ልጄ። ውስጡ ነሐስ ነው።»

«የውሸት ነዋ።»

እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ከሰላቸው ዞሩ። «እኔ የማውቀው ወርቅ አለመሆኑን ነው። ሌላውን አትጠይቂኝ።»

እማዬ ግን የፈለገችውን ሰምታለች። እየሳቀች ወጣች። እጄን አጥብቃ ስለያዘችኝ ቤት እስክንደርስ ጣቶቼ ደነዘዙ።

«ኦርጅናል ነው» አለኝ ሰውዬው ትናንት።

«ወርቅ ነው?»

ሳቀብኝ። «ምን ወርቅ አለ? ሲሰጡም ነሐስ ነበር፤ ሁሉም ነሐስ ነው።»

ሜዳሊያውን መለስኩለት። ቤት ስገባ እማዬ ከአልጋዋ ቀና አለች።

«በመናኸሪያ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ከአውቶቡሱ ማን ወረደ?»