የባዬ ዳገት አዲስ ስም

በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጎንደር ውስጥ ሁለት የባዬ መንገድ ነበር። አንደኛው ከፒያሳ በላይ የሚያልፈው፣ ጣሊያን ያነጠፈው፣ ማኪና የሚሄድበት የደጃዝማች ባዬ መንገድ ነው። ሁለተኛው ከቀሃ ወንዝ ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ የድንጋይ ዳገት ሲሆን ስሙን ያገኘው ከፈንታዬ ባል ነው።

የፈንታዬ ባል ባዬ ግንበኛ ነበር። ደጃዝማችነቱ ቀርቶ ጭቃ ሹምም ሆኖ አያውቅም። እናቱ የሞተችበት ክረምት ዳገቱ ጭቃ ብቻ ነበርና ተሸካሚዎቹ ተንሸራተው አስከሬኗ ከነቃሬዛው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ባዬ ለቅሶውን እንደጨረሰ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሁለት በጋ ሙሉ ድንጋይ እየጠረበ ዳገቱን ከታች እስከ ላይ አነጠፈው። ሰዉም የባዬ ዳገት አለው።

ከዚያ ጣሊያን መጣና የውልክፊትን ገደል ቆርጦ መንገድ ሊያወጣ ግንበኛ እየለቀመ ሲነዳ ባዬም አብሮ ተነዳ። ገደሉን ሲቆርጡ ናዳ ወረደባቸው። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ፍትሐቱም ያለ አስከሬን ተደረገ። ልጅ አልነበራቸውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ባዬ ግን መቃብርም አልነበረው። ብቅልና ጌሾ እየሸጠች ብቻዋን ለኖረችው ለፈንታዬ ከባሏ የቀራት ያ ዳገት ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ በሰፈሩ አፍ የተለመደውን ስም መዝግቦ «ባዬ መንገድ» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ሲሰቅል፣ እሷ ፊደል ባትለይም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለት ነበር።

ጣጣውን ያመጣው የሰው ሠርግ ነው። ግራዝማች ቢያዝን የሚባሉ በደጃዝማች ባዬ መንገድ የሚኖሩ ባለጸጋ ልጃቸውን ለአይከል ሰው ዳሩ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በበቅሎ ሆኖ ከተማ ሲገባ «የባዬ መንገድ በየት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የጎንደር ሰው ደግሞ ባዬ ሲባል የሚያውቀው ዳገቱን ነውና እጁን ወደዚያው ዘረጋ። ሠርገኛው እየጨፈረ ዳገቱን ወጥቶ ፈንታዬ ደጅ ላይ ወረደ። እሷም እንግዳ ነው ብላ ያላትን ጠላ አቀረበች፤ እነሱም የሙሽራዋ አክስት መስላቸው ጉልበቷን ሳሙ። ነገሩ እስኪጣራ ግራዝማች ቤት ወጡ ቀዝቅዞ፣ አዝማሪው ደክሞት፣ ሙሽራዋ እያለቀሰች ነበር።

ግራዝማች ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉ? በሳምንቱ ማዘጋጃ ቤት ገብተው «ላንድ ከተማ ሁለት ባዬ አይሆንም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህን ፈንታዬም አልካደችም። ነገር ግን ከሁለቱ ባዬዎች የትኛው ስሙን እንደሚለቅ መገመት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ግንበኛ ከደጃዝማች ጋር ተሟግቶ የረታበት ችሎት እኔ አላየሁም።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ እንኳየሁ የዳገቱን ነዋሪዎች ሰበሰቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መዝገባቸው እንዳይዛባ የሚሳሱ ሰው ነበሩ እንጂ።

«እስከ ዓርብ መዝገብ ላይ የሌለ ስም አምጡ» አሏቸው። «ካላመጣችሁ ግራዝማች የአባታቸው ስም ይሁንልኝ ብለዋል፤ እሱን እጽፋለሁ።»

ነዋሪው ኪዳነ ምሕረት አለ፤ ተይዟል። ነጻነት አለ፤ እሱም ተይዟል። ፈንታዬ ተነሥታ ቤቷ ገባች። የግራዝማች አባት ያንን ዳገት በእግራቸው ረግጠውት እንኳ አያውቁም። ተናደደች፤ ከንዴቷ የባሰው ግን ፍርሃቷ ነበር። እሷ ስትሞት ባዬን የሚያነሣ ሰው አይኖርም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ይባረክ ሄደች።

«አባ፣ የሞተ ሰው የክርስትና ስም ቢወጣ ኃጢአት ነው?»

የክርስትና ስም በጎንደር እንደ ዋዛ አይነገርም። ጠላት የሰማው እንደሆነ ድግምት ይሠራበታል ይባላል። ባዬም በተጋቡ በስንት ጊዜው የነገራት፣ ለሰው እንዳታወጣ አስምሎ ነው።

መምሬ ይባረክ ጢማቸውን ዳበሱ። «ምነው ልጄ፣ የሚደበቀው እኮ በሕይወት ላለ ነው። የሞተውንማ በፍትሐት ጊዜ እኔው ራሴ ጮኼ እጠራው የለም? ከእንግዲህ ማን ምን ያደርገዋል?»

«መሐላዬስ?»

«መሐላሽን እኔ እፈታሻለሁ።»

ዓርብ ዕለት ማዘጋጃ ቤት ከሁሉ ቀድማ የተገኘችው ፈንታዬ ናት።

«ወልደ ዮሐንስ ይባል» አለች።

አቶ እንኳየሁ መዝገቡን ገለጡ፤ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አወረዱ። የለም። ደስ አላቸው። «ሸጋ ስም ነው። ለመሆኑ ወልደ ዮሐንስ ማን ናቸው?»

«የዚያው የዳገቱ ሰው ነው» አለች። ባሌ ነው አላለችም፤ ያው ባዬ ተመልሶ መጣ ብለው ግራዝማች እንደገና እንዳይነሡባት ብላ ነው።

«ማዕረጋቸውስ?»

«ማዕረግ የለውም።»

አቶ እንኳየሁ ቀና ብለው አዩዋትና ጻፉ።

በወሩ አዲሱ ሰሌዳ ተሰቀለ። ፈንታዬ ከገበያ ስትመለስ አንድ ጎረቤቷ ሥሩ ቆሞ እያነበበ ነበር።

«እቴ ፈንታዬ፣ ሹመት ያዳብር በያቸው! የኛም ዳገት ፊታውራሪ አገኘ።»

ፈንታዬ መጀመሪያ የሚያፌዝባት መሰላት። ሄዳ መምሬ ይባረክን ይዛ መጣች፤ አነበቡላት። «ፊታውራሪ ወልደ ዮሐንስ መንገድ» ይላል። አቶ እንኳየሁ ማዕረግ የሌለው ሰው ስም በአደባባይ ማዋል ነውር ቢመስላቸው፣ መዝገቡን ሲገለብጡ ከራሳቸው ሹመው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እሰየው ይል ነበር። ፈንታዬ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባ፣ እርስዎ በጸሎት ሲያነሡት ፊታውራሪ ይሉታል?»

«እዚያማ ንጉሡም የሚጠራው በባዶ ስሙ ነው።»

«እንግዲያ ይህ ባዬ አይደለም። የሌላ ሰው ሆነ።»

ማዘጋጃ ቤት ተመለሰች። አቶ እንኳየሁ፣ ሰሌዳ የመንግሥት ዕቃ ነው፤ የሚታረመው በማመልከቻ ነው፤ ማመልከቻው ደግሞ የሚታየው በመጪው ዓመት ነው አሏት። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ኖራ በቆሬ በጥብጣ፣ ከጎረቤት በርጩማ ተውሳ ዳገቱ ራስ ላይ ቆመች። መምሬ ይባረክ በመቋሚያቸው ጫፍ እያመለከቱ «ከዚህ እስከዚህ» አሏት። እሷም ፊታውራሪውን በኖራ ለቅልቃ ሻረችው። ዳር ዳሩን እንዳትነካ የምትቀባው በጣቷ ጫፍ ነበር። ወልደ ዮሐንስ የሚለው በደህና ተረፈ።

ከበርጩማው ሳትወርድ ግራዝማች ቢያዝን ከቤተ ክርስቲያን በበቅሎ እየተመለሱ ደረሱ። ሰሌዳውን አዩ፤ ኖራውን አዩ።

«ምነው፣ ሰውዬው ምን አጥፍቶ ተሻረ?» አሉ።

ፈንታዬ ልትዋሽ ትችል ነበር። ስሙ መዝገብ ከገባ ወር አልፎታልና ዝም ብትልም ማንም አይነካትም። ነገር ግን አሥራ ሰባት ዓመት የታፈነ ነገር ነው፤ ወጣ።

«አልተሻረም፤ ድሮም አልተሾመም። ባሌ ነው። ባዬ ግንበኛው፤ ይኸን በቅሎዎ የቆመችበትን ድንጋይ ያነጠፈው። ውልክፊት ላይ ናዳ በላው፤ መቃብር የለውም። ስሙን ስትወስዱበት የክርስትናውን አወጣሁለት።»

ሁለቱን ስሞች ለሰው ጆሮ አንድ ላይ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ተናግራ ስትጨርስ ከበርጩማው ወርዳ ተቀመጠችበት።

ግራዝማች ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አዩት። ዳገቱን ስንት ክረምት ወጥተው ወርደውበታል፤ በቅሏቸው አንድ ቀን አዳልጧት አያውቅም። ከዚያ ከበቅሏቸው ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነፍሱን ይማር እንድል» አሉ፣ «ማን ብዬ ልጥራው?»

«ወልደ ዮሐንስ ይበሉ።»

«የወልደ ዮሐንስን ነፍስ ይማር» አሉ ግራዝማች፤ በቅሏቸውንም እየሳቡ ዳገቱን በእግራቸው ወረዱ።