እሳት ልጭር መጣሁ

ልጄ ለበዓል ከባሕር ዳር ስትመጣ አንድ ልቦለድ ይዛልኝ መጣች። ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉ አባትና ልጅ በባዶ መንገድ ሲንከራተቱ የሚተርክ ነው። «እማዬ፣ ሲጨንቅሽ አንብቢው» ብላኝ ሄደች። ሲጨንቀኝ ሌላ ጭንቅ! ያም ሆኖ ይዤው ሰነበትኩ። አባትየው በእርጥብ እንጨት እሳት ለማያያዝ ሲታገል፣ ልጅቷም እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ፣ መነጽሬን አወለቅኩና የራሴን አባት አሰብኩ።

ደብረ ማርቆስ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እየኖርን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አምበር አጠገብ ወዳለው መንደራችን በእግር ሄደን ስንቅ እናመጣለን። እናቴ በዚያው ክረምት አርፋ ስለነበር አባቴ ብቻውን ነበር። ስንቄን የሚያዘጋጁልኝ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ እትዬ የሺ እየሳቁ፣ «አባትሽ እሳት ማዳፈን አቅቶት ቀረ! ማታ አመድ አልብሶ ማሳደር እኮ ነው። ጠዋት ጠዋት የእሳት መጫሪያ ገሉን ይዞ ‹እሳት ልጭር መጣሁ› ይለናል» አሉኝ። አፈርኩ። በሳምንቱ አንድ ደርዘን ክብሪት ገዝቼ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየው፣ መረቀኝ፣ ከራስጌው አስቀመጠው። እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስመለስ ጥቅምት ገብቶ የመንገዱ ጭቃ ደርቋል። እትዬ የሺ ገና ሲያዩኝ፣ «አባትሽ ምን ሆነብን? ሳምንቱን ሙሉ ዝር አላለም» አሉኝ። ሮጥኩ። አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ድንች ይቀቅላል።

«አባዬ፣ እነ እትዬ የሺ ቤት ለምን ቀረህ?»

«ምን ብዬ ልሂድ ልጄ? እሳት አለኝ።»

ድንቹን እየላጠ፣ ሚጥሚጣ እያስነካ ያጎርሰኝ ጀመር። ቆይቶ፣ «ማዳፈኑስ መች ጠፍቶኝ» አለ። «እናትሽ ካለፈች ወዲህ ‹እንዴት አደርክ› የሚለኝ የለም። ወንድ ልጅ ደግሞ በጠዋት ያለ ጉዳይ ሰው ቤት አይገባም።»

«ታዲያ ክብሪቱን ልውሰደው?»

«ኧረ ተይ! ልጄ ያመጣችልኝን!»

ጥቂት ቀን አብሬው ብሰነብት ምንኛ ደስ ባለው፤ ሰኞ ግን ፈተና ነበረኝ። እሑድ ስንቄን አሸክሞኝ እስከ ወንዙ ሸኘኝ። ከተሻገርኩ በኋላ ዞር ስል እዚያው ቆሞ ነበር።

አሁን እኔም ብቻዬን ነኝ። ልጄ ሥራ አላት፣ አልፈርድባትም። ልቦለዱን ትናንት ጨረስኩት። ጸሐፊው እንዳዝንለት የፈለገው ለዚያ አባት ነው፤ አገሩ ጠፍቶ፣ ጎረቤቱ አልቆ፣ ልጁን ብቻ ይዞ ለቀረው። አላዘንኩለትም። አባቴ ቢያውቀው ይቀናበት ነበር።