ምንጩን ያስከፈቱት እማማ አንጓች

በሙጃ አቅራቢያ የመንደራቸው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት እማማ አንጓች ማረፋቸውን የሰማሁት ላሊበላ እንግዶች ሳስጎበኝ ነው። ሥራዬን ለባልደረባዬ ትቼ ለቀብራቸው ደረስኩ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄም ጭምር ነው።

ያወቅኋቸው በአስተርጓሚነት ነው። አንድ የውጭ የልማት ባንክ ድህነትን ለመቀነስ ብሎ ባበደረው ገንዘብ መንደራቸው የሞተር ፓምፕ ሲተከል፣ የጥንቱ ምንጭ በሲሚንቶ ተደፈነ። ሞተሩ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። መለዋወጫ ለመግዛት የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። መንደርተኞቹ ምንጩን እንክፈት ሲሉም «የፕሮጀክት ንብረት አይነካም» ተባሉ። ሴቶቹ ገደል እየወረዱ ከወንዝ መቅዳት ያዙ።

የባንኩ ገምጋሚዎች መጥተው «ኑሯችሁ ምን ያህል ተሻሻለ?» ብለው ጠየቁ። እማማ አንጓች ብዙ ምሬት ተናገሩ። እኔ እንግዳ እንዳይቀየም ብዬ «አንዳንድ ችግር አለ ይላሉ» አልኩ። እማማ የእንግዶቹን ቋንቋ ባያውቁም ማሳጠሬ ገባቸው።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ሁሉ ተናግሬ ያንተ ይችው ናት? ያልሁትን ንገርልኝ፤ ካልሆነ ተቀመጥ!»

አፈርኩ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ደግሜ ተረጎምኩ። ከዚያ ገምጋሚዎቹን ወንዝ አወረዷቸው፤ አለቃቸውንም ጀሪካን ሞልተው አሸከሙት። ሰውየው ዳገቱ መሃል ሲያለከልክ ጀሪካኑን ተቀብለው ራሳቸው አዘሉት። «ጌታው፣ ይህንንም ይጻፉ» አሉት። ውሃውን ይዘው የገቡት ጎረቤታቸው ወዳለችው አራስ ቤት ነበር።

ወራት አለፉ፤ ፈቃድ አልመጣም። አንድ ጠዋት «የማን ውሃ ነው የምንለምነው?» ብለው መዶሻ አነሱና ሲሚንቶውን መቱት። መንደሩ ተከተላቸው። ድንጋይ ክበው ምንጩን መለሱት።

በኋላ የወጣው የባንኩ ሪፖርት ያን ምንጭ «የብድሩ ውጤት» ይለዋል። እየተንጨረጨርኩ ሳነብላቸው ሳቁ፦ «ይበሉ፣ ተዋቸው። ብቻ ተመልሰው እንዳይደፍኑት ጠብቁ።»

እማማ አንጓች፣ እኔ እንደ እርስዎ መሳቅ አልቻልኩም። ከቀብርዎ ስንመለስ ድህነቱ ለምን እንዳልቀነሰ የሚያጠኑ ሌሎች ሰዎች መንገድ ላይ አገኘን። ከዝርዝራቸው ስምዎን ጠርተው «የት ናቸው?» አሉን። «አርፈዋል» አልናቸው። ይህን የሚጽፉበት ቦታ ቅጻቸው ላይ አጡ። እግዚአብሔር ነፍስዎን ይማር፣ እማማ። ከእንግዲህ ቅጽ ይሙሉ የሚልዎ የለም፤ ይረፉ።