የሾፌሩ ዓይን ሥር

ሴትዮዋ ፈታሽ ናት፤ በሥራም በተፈጥሮም። የልብስ ስፌት ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ ቦርሳቸውን ትከፍታለች፣ ኪሳቸውን ትዳብሳለች፣ ከሁሉ በፊት ግን ዓይናቸውን ታያለች። ክር ጡት መያዣዋ ውስጥ ወሽቃ ልታልፍ ያሰበችዋን ገና ከሩቅ ታውቃታለች። "እንዴት ዋልሽ፣ ደህና ነሽ፣ ቤተሰብ ደህና?" እያለ ሰላምታ ያበዛማ እሷ ዘንድ አለቀለት። ሠራተኞቹ ስም አውጥተውላታል፤ "ኬላ" ይሏታል።

እንዲህ ያለች ሴት ባሏንም አታምንም ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ግን አትፍረዱባት። የመጀመሪያ ባሏ ሌላ ሴት ይዞ ሌላ ቤት ሲሠራ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ የገዛ እህቷ እንኳ ታውቃለች፤ እሷ ብቻ ሸሚዙን ስትተኩስለት ኖረች። ከዚያ ወዲህ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ አሁንም ሁሉም ሰው ሰምቶ ካበቃ በኋላ መስማት። ይሄኛውን ባሏን ደግሞ አጉል ነው የምትወደው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ዝምተኛ፣ እጀ ትልቅ፣ ሲስቅ ድምፁ ሳይሰማ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ።

ነገሩ የጀመረው ከአንገትጌ ነው። የዩኒፎርሙን ሸሚዝ ልትዘፈዝፍ ስትል አንገትጌው ላይ ቡናማ ነገር አየች። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ቅባት አለው። አሸተተችው።

"የሴት ፊት!" አለች ለብቻዋ።

አልጮኸችም። ፈታሽ እቃውን እጇ ሳታስገባ አትጮህም። ሸሚዙን አጥባ፣ አስጥታ፣ ማታ እራቱን አቀረበችለት፤ ሲጎርስ ግን ከፊቱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

ከዚያ ቤቱ ኬላ ሆነ። ሰውዬው መስታወት ማየት ጀምሯል። ድሮ እኮ ግማሽ ጺሙን ረስቶ የሚወጣ ሰው ነው! አሁን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይቀረቅራል፤ ስታንኳኳ ቧንቧ ይከፍታል። ሲተኛ ትራስ ይደርባል፤ ለምን ስትለው "አንገቴን አሞኝ" ይላል። ደግሞ አምሮበታል፤ ያንገበገባትም እሱ ነው። በዚህ ዕድሜው ለማን ነው የሚያምረው?

አንድ ቀን ፍሪጁን ስትከፍት በረዶ መሥሪያው ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ተጋድመው አገኘች። ከሥራቸው በሳህን ላይ ሁለት የተነከሩ የሻይ ከረጢቶች አሉ፤ ተጨምቀው፣ ጎን ለጎን። ወይ ጉድ! አንዷ መድኃኒት አዙራበት ይሆን ብላ አሰበች፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ለማንኛውም ግን ማንኪያዎቹ ላይ የፈላ ውሃ ደፋችባቸው።

"ማንኪያ በረዶ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለችው ሲገባ።

"ጥርሴን አሞኝ ነው፤ በቀዝቃዛ ልያዘው ብዬ።"

"የቱን?"

አፉን ከፍቶ በግራ በኩል ያለውን አሳያት። በማግስቱ "እንዴት አደረልህ?" ብትለው በቀኝ በኩል ያለውን አሳያት። አበቃ! በሦስተኛው ቀን ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ጣት የምታህል ብልቃጥ አገኘች። ውስጧ ያው ቡናማው ቀለም ነው። ክዳኗ ላይ የአንድ የውበት ሳሎን ምልክት ተለጥፏል።

ሳሎኗ ከአውቶቡሶቹ ማደሪያ ፊት ለፊት ናት። ኬላ መንገዱን ሁሉ ስድቧን እየደረደረች መጣች። ልክ ልኳን ነግራት ልትወጣ ነው፤ ማልቀስ ካለባትም ከወጣች በኋላ። ባለ ሳሎኗ ወጣት ናት፤ ይባስ ብሎ ቆንጆ። ኬላ ብልቃጧን ከማበጠሪያዎቹ መሃል ወረወረቻት።

"ይሄን ታውቂዋለሽ መቼም!"

ልጅቷ አነሳቻትና ፊቷ በራ። "ውይ፣ የሾፌሩ ባለቤት! እርስዎ ነዎት እንዴ እትዬ? ይቀመጡ እንጂ! እንቅልፉ እምቢ አለ አሁንም?"

"የምን እንቅልፍ?"

"ባለቤትዎ ነገሩኝ እኮ። ሚስቴ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ መሥሪያ ቤት እንዳያውቁባት አሉኝ። እንዴት ያለ አሳቢ ባል ነው! ማንኪያውን ያደርጋሉ? ጠዋት ቀዝቃዛውን ዓይንዎ ሥር ሲያሳርፉት እብጠቱ ይቀንሳል። የሻዩንም ከረጢት እንዲሁ። ሲተኙ ትራስ ይደርቡ። ከዚያ መጀመሪያ ብርቱካንማውን ነው፤ ጥቁረቱን የሚገድለው እሱ ነው። ከላዩ የቆዳዎን ቀለም፣ ስስ አድርገው፣ በቀለበት ጣት መታ መታ። እንዳይፈትጉት!" ጎንበስ ብላ የኬላን ፊት አየችና ግራ ገባት። "እርስዎ ግን ዓይንዎ ሥር ምንም የለም። ደግሞ እርስዎ ቀይ ነዎት፤ እኔ የሰጠሁት የጠይም ነው። መልኳ እንደ እኔ ነው ብለው ክንዳቸውን ሲዘረጉልኝ ነው የለካሁት።"

ኬላ ስድቧን ሁሉ ረሳችው። እሷ ናት እንቅልፍ የምታጣው? እሷ ጎኗ ፍራሽ ከነካ ግንድ ናት፤ ቤቱን ነቅለው ቢወስዱት አትሰማም።

"መሸፈን ይሸፍናል" አለች ልጅቷ፣ ብልቃጧን እየመለሰችላት። "እንቅልፉን ግን እኔ አልሸጥም እትዬ። ሐኪም ይዩ።"

ማታ ባሏ ሲገባ ብልቃጧ ጠረጴዛው መሃል ቆማለች። ሾፌሩ አያትና ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ኬላ እርጥብ ፎጣ ይዛ መጣች፣ አገጩን ያዘችና የዓይኑን ሥር ጠረገችው። ፎጣው ቡናማ ሆነ። ከሥሩ የወጣው ጥቁረት አስደነገጣት፤ ሰው የመታው ነው የሚመስለው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አንዲት ልጅ..." አለ። "ጫማዋ ወልቆባት መሃል መንገድ ላይ ልታነሳው ተመለሰች። ፍሬን ያዝኩ። ቦርሳዋን ነካሁት፣ እሷን አልነካኋትም። ጫማዋን አንስታ ሮጠች፤ ዞራም አላየችኝ።"

"እና ተርፋለች አይደል?"

"ተርፋለች። እኔ ዓይኔን ስጨፍን ግን ፍሬኑ አይዝም።"

"ሌሊቱን ሙሉ ከጎኔ ተጋድመህ...?"

"ዓይኔን ጨፍኜ አንቺን አዳምጣለሁ። ታንኮራፊያለሽ።"

"አላንኮራፋም!"

"እሺ።"

ስምሪት ላይ ያለው አለቃ ጠዋት ጠዋት የሾፌሮቹን ዓይን በብርሃን እያየ ነው ቁልፍ የሚሰጠው። "ራጅ" ይሉታል ሾፌሮቹ። አንዴ የሾፌር ዓይን ሥር ጥቁረት ካየ መሪውን ይነጥቃል። ባሏ ሌላ ሥራ አያውቅም። ይሄን ሁሉ ወለሉን እያየ ነገራት። ከዚያ ቀና ሳይል፣

"ሴት አለችው ብለሽ መጠርጠርሽንም አውቄያለሁ። ኪሴን ስትፈትሺ አይቼሻለሁ" አላት።

"አይተህ ዝም አልክ? እኔ እዚህ ቆሽቴ እያረረ!"

"ሴት አለችው ብትዪኝ፣ ጥፋተኛ ነው የምትዪኝ። ፈራ ከምትዪኝ እሱ ቀለለኝ።"

ልትመታው ፈለገች፤ ልታቅፈውም። ከሁለቱ አንዱንም ሳታደርግ ፎጣውን ጨብጣ ቆመች። ሰው ሁሉ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ይሄን ግን ማንም አያውቅም፣ ከጎኑ ያንኮራፋችው እሷም።

"ሰው ጭነህ አሸልበህ ታውቃለህ?"

ኮፍያውን አንስቶ ያገላብጥ ጀመር።

"ንገረኝ!"

"ትናንት አንድ ፌርማታ አለፍኩ። ተሳፋሪ ሲጮህ ነው የነቃሁት።"

ኬላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ነገ ፊትህን ታጥበህ ብቻ ነው የምትሄደው። እንዳለህ ያይሃል።"

"እሺ።"

"እሺ ነው?"

"እሺ አልኩሽ እኮ!"

አመነችው? ሞኝ ናት እንዴ! በማለዳ ከኋላ ከኋላው ተከትላው ሄደች፤ የፋብሪካው በር ያለ ፈታሽ ይዋል ብላ። በማደሪያው አጥር በኩል አየችው። ሰልፉ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ላይ ቀለም የለም። ራጅ ቁልፉን ሊሰጠው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ቀና ብሎ አየውና እጁን ሰበሰበ። ወደ ብርሃኑ ሳበው፣ አንድ ነገር ጠየቀው፣ ቆይቶ ቁልፉን መስቀያው ላይ መለሰው። ባሏ ባዶ እጁን ወጣ። ሲያያትም አልገረመውም።

"ምን አለህ?"

"ሐኪም ሳታይ እንዳትመጣ አለኝ።"

"መልሶ ይቀበልሃል?"

"እንጃ።"

ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሌላ ሰው የሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት መሃል ላይ ቆመ፤ ኬላ እጁን ይዛ መስኮት ዳር አስቀመጠችው። ሁለት ፌርማታ ሳይሄዱ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እውነት ተኝቶ ይሁን አስመስሎ ለማወቅ ጎንበስ ብላ ትንፋሹን አዳመጠች። አፉ ተከፍቷል፤ ተኝቷል።

የአውቶቡሱ ሾፌር ድንገት ፍሬን ያዘ። ባሏ ጮኾ ተነሳ፤ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ የሌለ ፍሬን እየፈለገ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ኬላ ዞራ ስታያቸው ዝም አሉ።

"ማንን ገጨ? ማንን?" ይላታል፤ ላብ አጥምቆታል።

"ማንንም። ብስክሌት ነው፣ አልፏል። ተኛ።"

"መንገዱ..."

"መንገዱን እኔ አይልሃለሁ። አንተ ተኛ።"

ቀስ ብሎ መልሶ ትከሻዋ ላይ ተጋደመ። መውረጃቸው አለፈ፤ አልቀሰቀሰችውም። በፊተኛው መስታወት አሻግራ አስፋልቱ ዳር የቆመውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ሊሻገር ነው ወይስ አይደለም እያለች አንድ በአንድ በጥርጣሬ ታየው ጀመር።