የመሪጌታው ሰዓት ሆድ ዕቃ

የብርጓል ስትናደድ እንደ ሌላው ሰው አትጮኽም። ድምፅዋ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ ይደርቃል፣ እጇ ግን ሥራውን አይተውም። በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቿ ይህን ያውቃሉ። አንገቷን ደፍታ፣ ትንፍሽ ሳትል ጥልፍ ስትጠልፍ ካዩዋት ሰላም ሳይሏት ያልፋሉ። «ቂመኛ ናት» ይሏታል። እሷም አትክድም። «ቂም የያዝሁት ቂም የሚያሲዝ ሥራ ስለሠሩብኝ ነው» ትላለች።

ነገሩ የተጀመረው በአባቷ ሰዓት ነው።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ጣና ዳር ባለች ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ሰዓቱን የሰጧቸው ድጓ ያስመሰከሩ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው ነበር። ወፈር ያለ፣ በእጅ የሚሞላ፣ ባትሪ የማያውቅ የብረት ሰዓት። መሪጌታ ጠዋት ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ መሙያውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ያዞሩታል፤ ሲጠብቅ ይተዉታል፤ ከዚያ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አንድ አፍታ ያዳምጡታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህማ ይህችን ልማድ እንደ ጸሎታቸው ይጠብቋት ጀመር።

አንድ ክረምት ከደሴት ሲመለሱ፣ ከጀልባ ለመውረድ እግራቸውን ቢያነሡ አዳለጣቸውና እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። እሳቸው ደህና ወጡ። ሰዓቱ ቆመ።

የብርጓል ወደ ሣህሉ ወሰደችው። ሣህሉ ገበያው አጠገብ ከመስታወት ሳጥን ኋላ ተቀምጦ ሰዓት ሲጠግን የሸበተ፣ ከተማው «አቶ ሣህሉ» እያለ የሚያከብረው ሰው ነበር።

«ትተሽልኝ ሂጂ፣ ልጄ» አላት። «የመሪጌታ ሰዓት የኔም ሰዓት ነው።»

ትታለት ሄደች። ስትመላለስ ከርማ በመጨረሻ ወልውሎ፣ አብረቅርቆ ሰጣት። በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ መርቃውም ወጣች። ኋላ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ያ ምርቃት ነው።

በማግሥቱ መሪጌታ መሙያውን ቢያዞሩት ቢያዞሩት አልጠብቅ አላቸው። ወደ ጆሯቸው አስጠጉት።

«የብርጓል» አሉ፣ «ይኸ ሰዓት ምን ሆኗል? ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። ድምፁም ሳስቷል። ቀጭኑ የሰከንድ ቆጣሪ ድሮ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር፤ አሁን እንደ ፌንጣ ይዘላል።»

ሰዓቱን ተቀብላ ጀርባውን በቢላ ጫፍ ፈለቀቀችው። ስለ ሰዓት የምታውቀው ነገር አልነበራትም፤ ይህን ለማየት ግን ዕውቀት አላስፈለጋትም። በዚያ ሰፊ የብረት ቀፎ ውስጥ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ የላስቲክ ማሽን ከነባትሪው ተቀምጧል። እንዳይንገጫገጭ ዙሪያውን ከሲጋራ ፓኮ በተቀደደ ወረቀት ተወትፏል። የአባቷን ሰዓት ሆድ ዕቃ አውጥቶ የሲጋራ ፓኮ ጎስጉሶበታል!

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ባጃጅ እንኳ አልጠበቀችም።

«አቶ ሣህሉ፣ የአባቴ ሰዓት ማሽን የት አለ?»

ሣህሉ ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሣ «ዝጎ ነበር፤ ጣልሁት» አላት። «በአዲስ ቀየርሁላቸው። መሙላት የለ፣ መድከም የለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግን ነበር።»

«ማን ቀይሩልን አለዎ?»

«አንቺ ስለ ሰዓት ምን ታውቂያለሽና ነው?»

«የጣሉበትን ያሳዩኝ። ዝገቱንም ቢሆን ይዤው እሄዳለሁ።»

ሣህሉ ወደ ቆሙት ደንበኞች ዞሮ ፈገግ አለ። «አያችሁልኝ? ሰው በበጎ ሥራውም ይከሰሳል።» ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ «የሚሠራ ሰዓት ይዘሽ ምን ያስጮኽሻል?» አላት። እሷ እኮ አልጮኸችም ነበር።

«በይ ወደ ጥልፍሽ ተመለሺ» አላት ሣህሉ።

«እርስዎ» የሚለው ቃል ከአፏ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። «አንተ ሌባ ነህ» አለችው፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ።

ሳቁ ቆመ። የቆመው ግን ለእሷ አዝነው አይደለም፤ አባቷ የሚሆን ሰው «አንተ» በማለቷ ደንግጠው ነው። እሷ ቤት ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ደረሰ፤ የመሪጌታ ልጅ ሽማግሌ ሰደበች ተባለ። ሣህሉ ስለ ሠራው ነገር ያወራ አንድም ሰው አልነበረም።

መሪጌታ ሁሉንም ሰምተው «ተይው፣ እግዚአብሔር ይይለት» አሉ። «ብረት ነው። ሰዓቱን እስከነገረኝ ድረስ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» ያንኑ ሰዓት እጃቸው ላይ አሰሩት።

የአባቷ ትዕግሥት ከሣህሉ ስርቆት ይልቅ አቃጠላት። በየጠዋቱ፣ ከዳዊት በኋላ፣ የመሪጌታ ጣቶች ወደ መሙያው ይሄዱና ትዝ ሲላቸው ባዶአቸውን ይመለሳሉ። ያችን መመለስ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

መዲና የምትባል የልጅነት ጓደኛ አለቻት፤ ቤተሰቦቿ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጆች፣ እሷ ልባሽ ጨርቅ ይዛ አንበሳሜና ወንዛዬ ገበያ የምትወርድ ነጋዴ። የሆነውን ስትሰማ «ሽማግሌ እንላክበት?» አለቻት።

«ሽማግሌ አልፈልግም። የሞተ ሰዓት አምጭልኝ።»

«የሞተ?»

«የሞተ። ሰው ሣጥኑ ውስጥ ጥሎ የረሳው፣ የቆመ፣ የተሰበረ። በልብስ ለውጭልኝ። ሣህሉ የወሰደውን እኔ እሠራዋለሁ።»

መዲና «ወላሂ አብደሻል» ብላ ሳቀች፤ ከገበያ ስትመለስ ግን በላስቲክ ቋጥራ ይዛላት መጣች።

የብርጓል የጥልፍ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። ወረንጦ፣ ቀጫጭን ካቻቢቴ፣ ማጉያ መነጽር አሰባሰበች። ከእጇ የሚያመልጠው ብሎን መሬት እንዳይገባ ጭኗ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች። ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ በስልኳ የፈረንጅ ሰዓት ሠሪዎችን ታያለች። የሚናገሩት አይገባትም፤ ድምፁን ዘግታ እጃቸውን ብቻ ትከተላለች።

መጀመሪያ እጇ የገቡትን ሰዓቶች ሁሉ ጭራሽ ገደለቻቸው። አንዱን ስትከፍተው ሞላው ተፈናጥሮ ግንባሯን መታት። የሌላውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥምዝ ሽቦ ጎትታ ቀጥ አደረገችው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው አልተገኘም። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሣህሉ ትዝ ሲላት ነበር። «ወደ ጥልፍሽ ተመለሺ» የሚለው ድምፁ ጆሮዋ ላይ ይመጣል፤ ጣቷ ይጠብቃል፤ ቀጭ! ይሰበራል። ያን ጊዜ ወረንጦውን አስቀምጣ ግቢ ትወጣና ልብስ ታጥባለች፣ ጨርቁን እንደ ሰው አንገት እየጠመዘዘች። ንዴቱን አልተወችውም። ወረንጦው ላይ እንዳታሳርፈው ግን ተማረች።

ሲውል ሲያድር፣ ከአንበሳሜ የመጣ አንድ አሮጌ ማሽን ጠርጋና ቀብታ ብታስነሣው ተነሣ። የአባቷን ሰዓት ተቀብላ ብትለካው ግን ማሽኑ ለቀፎው አነሰ። የውኃ ቧንቧ ቁራጭ እንደ ቀለበት ቆርጣ፣ በሞረድ ሞርዳ፣ በማሽኑና በቀፎው መካከል አስገባችው። የሰዓቱን ቆጣሪ ከአንዱ፣ የደቂቃውን ከሌላው ወሰደች። የደቂቃው ረዝሞ ዳሩን ሲፍቅባት ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ቀነሰችው። የድሮው ገጽ በዚህ ማሽን ላይ አልቀመጥ አለ። ስለዚህ በቀጭን ነሐስ ሌላ ቆርጣ፣ ነጭ ቀብታ፣ ቁጥሮቹን ከፀጉር በቀጠነ ብሩሽ በግዕዝ ጻፈቻቸው፤ ሰባቷ ላይ ቦታ ጠበባት።

ሰዓቱን ጠዋት፣ አባቷ ዳዊታቸውን ሲያጥፉ ሰጠቻቸው። መሪጌታ መሙያውን አዞሩት። ጠበቀ። ወደ ጆሯቸው አስጠጉት።

«ይኸ የድሮው አይደለም» አሉ።

«አይደለም፣ አባባ።»

«ድምፁ ጎርናና ነው።» ደግመው አዳመጡት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን እንደ ብራና አንድ በአንድ መረመሩ። «ሰባቷ አንገቷ አጥሯል» አሉ። እጃቸው ላይ አሰሩት። ማታ ሲተኙ ግን ከእጃቸው አላወለቁትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት የብርጓልም ይበርድላት ነበር። አላበቃም።

የደብሩ ንግሥ ቀን፣ ታቦት ገብቶ ሕዝቡ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጸበል ጸዲቅ ሲቀምስ፣ መርስዔ ኀዘን የሚባል ዲያቆን የመሪጌታን እጅ አይቶ «የኔታ፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ከየት ተገኘ?» አለ። ሣህሉ ከኋላ ተቀምጦ ኖሯል። አንገቱን አስግጎ አየና «እኔ ነኝ ያደስሁላቸው» አለ። «ቁጥሩን በግዕዝ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ከፈለግህ ላንተም እሠራልሃለሁ።»

የብርጓል ዳቦ የያዘውን ሰፌድ አስቀመጠች። ከንፈሯ ደረቀ። ገና አንድ እርምጃ ስትራመድ የአባቷ መቋሚያ መሬቱን መታው።

«ሣህሉ!»

የመሪጌታን የዜማ ድምፅ ሁሉም ያውቀዋል፤ የቁጣ ድምፃቸውን የሰማ ግን አልነበረም። ልጃቸውም ብትሆን አልሰማችውም ነበር።

«የኔን ስትወስድ ዝም አልሁ» አሉ። «የኔ ስለሆነ መተው እችል ነበር፤ ተውሁልህ። ይኸን ግን አልተውልህም። የኔ አይደለማ! የልጄ ዓይንና ጣት ነው። ሰባቷ እንኳ አንገቷ አጥሯል፤ አንተ ጽፈኸው ቢሆን ለምን እንዳጠረ ታውቅ ነበር። ንገረኛ!»

«መሪጌታ፣ በንግሥ ቀን ባይቆጡ...»

«በንግሥ ቀን የዋሸኸው አንተ ነህ። ተነሥና ከፊቴ ሂድ።»

ሣህሉ ተነሥቶ ሄደ። የብርጓል ቆማ ቀረች። አባቷ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲቀመጡ አየቻቸውና፣ ለሣህሉ ልትለው ያዘጋጀችውን ሁሉ ትታ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። «ትዕግሥቴን አስጨረሰኝ፣ ጥፋተኛ ነኝ» አሉ መሪጌታ። «አይደሉም» አለቻቸው። «አሁን ነው አባቴ የሆኑት።» ወዲያው ደነገጠች፤ ንግግሯ ከበዳት። እሳቸው ግን እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

ሣህሉ ጥቂት ሰንብቶ ሽማግሌ ይዞ ቤታቸው መጣ። አመነ። ማሽኑ አልዛገም፤ ደህና ነበር። «እንግዲያ የት አለ?» አለችው የብርጓል።

«ተበትኗል። ሞላው ለአንዱ፣ ጥርሱ ለሌላው ገባ። ከተማው ውስጥ በሰው እጅ ላይ ይዞራል።»

«የስንት ሰው አባት ሰዓት እንዲህ በተንህ?»

ሽማግሌዎቹ «ተይ እንጂ» አሏት። ሣህሉ ቀና ብሎ አያትና «አንቺስ?» አለ። «ያ ጠረጴዛሽ ላይ የተከመረው የማን ነው? ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

መሪጌታ ይቅር አሉት። እሷ ተነሥታ ወጣች። ሌባ ሆኖ እውነት መናገሩ ሌሊቱን ሙሉ አብከነከናት።

በማግሥቱ መዲናን «ያን ማሽን ከማን ነው ያመጣሽው?» ብላ ጠየቀቻት። አብረው አንበሳሜ ሄዱ። ሴትየዋ ፀሐይወርቅ ይባላሉ፤ የሟች ባላቸውን ሰዓት በሹራብ የለወጡ ባልቴት ናቸው። የብርጓል የሆነውን ነግራ «ከፈለጉ ማሽኑን አውጥቼ እመልስልዎታለሁ» አለቻቸው።

«አሁን ይሠራል?» አሉ ፀሐይወርቅ።

«ይሠራል።»

«እኔ ዘንድ በቆመበት ነበር የሚቀረው። በይ ይሥራ።»

የሌሎቹን ሰዓቶች ባለቤቶች ግን መዲናም አላስታወሰቻቸውም። የብርጓል እነዚያን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ለይታ አስቀመጠቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ብሎን እንኳ አልወሰደችባቸውም።

አሁን ጥልፉንም ሰዓቱንም ቤቷ ትሠራለች። ባለቤቶቹን አስፈቅዳ የአንዱን ማሽን ከሌላው ቀፎ አጋብታ፣ እንደየሰው ፍላጎት ገጹን ጽፋ፣ በባሕር ዳር ሌላ ቦታ የማይገኝ ሰዓት ታወጣለች። ሣህሉን መንገድ ላይ ስታገኘው ዛሬም ሰላም አትለውም። የንስሐ አባቷም መክረዋት ደክመዋል።

ሰዓት ይዞ የሚመጣ ሰው ትቶላት እንዲሄድም አትፈቅድም። ባለፈው ገድሉ የሚባል ባጃጅ ነጂ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ሊወጣ ሲል «ወዴት ነው?» አለችው።

«ሥራ አለብኝ። አምንሻለሁ፣ እህቴ። ማታ እወስደዋለሁ።»

«እመነኝ አላልሁህም» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወንበሩ ያውልህ። ስከፍተው ታያለህ፤ ያወጣሁትን ትቆጥራለህ፤ ስዘጋው ታያለህ።»

«ባጃጄን ደጅ አቁሜ እኮ ነው!»

«እንግዲያ ሰዓትህን ይዘህ ሂድ።»

ገድሉ እያጉረመረመ ተቀመጠ። የብርጓል ነጩን ጨርቅ ጭኗ ላይ አንጥፋ ወረንጦውን አነሣች።