ጠብታ የተቆጠረበት ረመዳን

ያቺን ሴት ከጥናቱ ያስወጣት ማን ነው? ራሷ ናት፣ አማቷ ናቸው፣ ባሏ ነው ወይስ እኔ? ቅጹ ላይ «ያቋረጠችበት ምክንያት» ከሚለው ሥር የሚመረጠው አንድ መልስ ብቻ ነው። አንዱን መርጬ ምልክት አድርጌበታለሁ። ልክ ይሁን አይሁን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ጥግ ላይ በተሰጠን ክፍል፣ አዲስ የወሊድ መከላከያ ዘዴ የሚሞክሩ እናቶችን እየተቀበልኩ እጠይቃለሁ፣ እመዘግባለሁ። ዘዴው መርፌ ነው፤ ልዩነቱ ሴትየዋ ራሷ ቤቷ ሆና የምትወጋው መሆኑ ነው። ነርሷ አንድ ጊዜ ታሳያታለች፣ ሴትየዋ በነርሷ ፊት ራሷን ትወጋለች፣ ከሦስት ወር በኋላ የምትወጋውን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ጥናቱ ማወቅ የፈለገው በትክክል መወጋታቸውንና ደማቸው እንዴት እንደሚሆን ነው። ይህ መርፌ የወር አበባን ያዛባል። አንዷ ላይ ጭራሽ ይጠፋል፣ ሌላዋ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ሴት ካርድ ይሰጣታል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳጥን አለ፤ ምንም ካላየች ባዶ ትተወዋለች፣ ጠብታ ካየች አንድ ነጥብ ታደርጋለች፣ ጨርቅ የሚያስለውጥ ደም ከሆነ ሳጥኑን ታጠቁረዋለች። መጻፍ ማወቅ አያስፈልግም።

ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ከእምድብር ወጣ ካለች መንደር ወልቂጤ አክስቴ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ። አንደኛ ክፍል ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ስቀመጥ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም። ልጆቹ ሲሳሳቱ ይሳቅላቸዋል፤ እኔ ስሳሳት ይሳቅብኛል። ስለዚህ ላለመሳሳት ወሰንኩ። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ የሚገኘውን ወረቀት ሳይቀር። በነርስነት ስመረቅ ሠላሳ አልፎኝ ነበር። ጥናቱ ላይ ስቀጠር የባልደረቦቼን ቅጽ ሳይቀር እያረምኩ ስለምመልስ፣ ሻይ ላይ ስቀላቀላቸው «ዝም በሉ፣ አራሚዋ መጣች» ይሉኝ ነበር። ለቀልድ ነው፤ ግን ዝም ይሉ ነበር።

ክፍላችን የሚሞላው በገበያ ቀን ነው። ሴቶቹ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ የሚያወሩት ሁሉ ይሰማኛል። ባሏ አዲስ አበባ የሚነግድ አንዲት ሴት «የኔ መከላከያ የአዲስ አበባ መንገድ ነው፤ መርፌው የሚያስፈልገኝ ለበዓል በዓል ብቻ ነው» ብላ ወንበሩን ሙሉ ስታስቅ አስታውሳለሁ። እኔ የማወራላት ሴት ከሳቁት መሀል አልነበረችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያያት።

የምትመጣው ከመስቃን ገጠር ነው። በርበሬዋን ሸጣ፣ ሳሙናና ጨው ገዝታ፣ ከዚያ ወደ እኛ ጎራ ትላለች። አራት ልጆች አሏት። አራተኛውን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት፣ በሰው ሸክም አስፋልት ደርሳ ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሰውነትሽ ይረፍ ብሏታል። ይህን ለባሏ ስትነግረው «አላህ ያውቃል» ብሎ ዝም አለ። ዝምታው እሺ ይሁን እምቢ አልገባትም፤ ደግማም አልጠየቀችው። የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ የባሏ የአጎት ልጅ ናት። «እሷ ዘንድ ብወጋ እኔ ቤቴ ሳልገባ ወሬው ይገባል» አለችኝ። ቤት ውስጥ ማንም ሳያይ የሚወጋ መርፌ ለእሷ ተብሎ የተሠራ ያህል ነበር። ካርዱን የምታስቀምጠው በትንሹ ልጇ የክትባት ካርድ ላስቲክ ውስጥ ነው። የክትባት ካርድ ማንም ገልጦ አያይም አለች፤ እውነቷን ነው።

የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። የእሷ ጉራጊኛ የመስቃን ነው፣ የእኔ የቸሃ። ሁለታችንም ከቤታችን ውጭ በለመድነው ቋንቋ ስለምናወራ ነገር አናበዛም፤ አጭር ጥያቄ፣ አጭር መልስ።

ለክትትል ስትመጣ ካርዷን አየሁት። ንጹሕ ነው። ስድስት ቀን የጠቆረ፣ ከዚያ ባዶ፤ እንደገና ስድስት የጠቆረ፣ እንደገና ባዶ። ይህን መርፌ የወሰደች ሴት ደም እንዲህ በሥርዓት አይሄድም።

«ከስድስቱ ቀን በኋላ ልብስሽ ላይ ምንም አታዪም?» አልኳት።

«ጠብታማ አለ» አለች፣ የጠየቅኳት ነገር ገርሟት። «አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይቆያል።»

«ታዲያ ለምን ነጥብ አላደረግሽበትም?»

«እሱ እኮ አይቆጠርም። ታጥቤ እሰግድበታለሁ።»

ያን ጊዜ ምን ማለትሽ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ የሰማሁት ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተት ከሰማሁ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን ጆሮዬ አይቀበልም። ካርዱን ወደ እሷ አዙሬ ጣቴን ባዶዎቹ ሳጥኖች ላይ አደረግኩ። «ይቆጠራል» አልኳት። «ጠብታም ደም ነው። ከደሙ አትለዪው።» ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብዬ ደገምኩላት። «እሺ ሲስተር» አለች።

በዚያው ሳምንት ረመዳን ገባ።

ያደግኩት በፕሮቴስታንት ቤት ነው። ለእኔ ረመዳን ማለት ቀን የሚቀዘቅዝ ገበያ፣ ሲመሻሽ በየመንገዱ ዳር የሚደረደር ሳምቡሳና ተምር ነበር። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንደማትሰግድና እንደማትጾም አውቃለሁ። ያላወቅኩት እነዚህ ሴቶች ከእኛ ካርድ በፊት የራሳቸው ቆጠራ እንደነበራቸው ነው። የለመዱት ቀን ሲያልቅ ይታጠባሉ፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ ቢታይም ይሰግዳሉ፣ ይጾማሉ። ያቺም ሴት ይህን ከእናቷ የተማረችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ እኔ ቅጼን ከምጠብቀው በላይ ትጠብቀው ነበር። ካርዷ ባዶ የሆነው በዚህ ቆጠራ ስለሞላችው ነው።

ከኢድ በኋላ መጣችና ያልተወጋችውን መርፌ ከነማሸጊያው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ይኸው፣ መልሻለሁ» አለች። ከዚያ ምን እንደሆነ ነገረችኝ።

ስድስቱ ቀን አልፎ ጠብታው ሲቀጥል አልታጠበችም። ደም ነው፣ አትለዪው ተብላለችና መስገዱንም መጾሙንም ተወች። አሥር ቀን ሆነ፣ አሥራ አምስት ሆነ። የሚኖሩት ከአማቷ ጋር በአንድ ግቢ ነው። አማቷ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ለሱሁር ሊቀሰቅሷት በመጡ ቁጥር «ገና ነኝ» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ቀለዱባት። ያልጾመችውን ቀን በኋላ መጾሟ አይቀርምና «አንቺ ልጅ፣ የዘንድሮውን ከፍለሽ ሳትጨርሺ የከርሞው ይደርስብሻል» አሏት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቀልዱ ቀረ። ያ የወሊዱ ደም የተመለሰባት መስሏቸው ፈሩ፤ ልጃቸውን ጠርተው ሆስፒታል ውሰዳት አሉት። እሷም አላመመኝም አለች። ታዲያ ምንድን ነው ሲሏት በጾም ወር መዋሸት ከበዳትና ስለ መርፌው ተናገረች።

ባሏ አልጮኸም፤ እጁንም አላነሳም። «ከኔ ደብቀሽ?» አላት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ቀን አላናገራትም። በአራተኛው ቀን መልሺላቸው አላት። አማቷ የተቆጡት በሌላው ነው፤ ጠብታ ጾም ያስፈታል ያለሽ ማን ነው አሏት።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ሐኪሟ ናት አልኳቸዋ። ጠብታም ደም ነው፣ አትለዪው ብለሽኝ የለ እንዴ?»

ወቀሳ አልነበረበትም። ምናልባት ረስቼው ከሆነ ልታስታውሰኝ ነው። እኔም አስታውሳለሁ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ያልኩሽ ለካርዱ ነው፣ ለጾምሽ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባልሽን አምጪውና አብረን እናስረዳው፤ እነዚህ ሁሉ የሚባሉ ነገሮች ነበሩ። አንዱንም አላልኩም። ለሚያቋርጡ ሴቶች የተዘጋጁትን ጥያቄዎች በተራ ጠየቅኳት፣ «የቤተሰብ ተቃውሞ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ስለ ሌሎች የመከላከያ ዘዴዎች የሚያስረዳውን ወረቀትም ሰጠኋት፣ ማንበብ እንደማትችል እያወቅኩ።

ልትወጣ ስትነሣ «ሁለቱ ዓመትስ?» አልኳት።

«አንዱም አልሞላ» አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ አረገዘች። ይህን የነገረችኝ አብራን የምትሠራ አዋላጅ ናት። በዚህኛው ግን ባሏ ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታል አምጥቷት ነበር። አሁንም ደም ፈሷት፣ ደም ተሰጣት፣ ተረፈች። የወለደችው ሴት ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ አየኋት። በርበሬ ተራው ጫፍ ላይ ልጅቷን አዝላ ቆማለች፤ ከስታለች፣ አንድ እጇ አጥሩን ይዟል። ሹፌሩን አቁምልኝ አላልኩትም። ልጅቷን ካየሁ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ። የተወለደችው በእኔ ስሕተት ነው ብዬ እሷን ስሕተት ላደርጋት አልችልም፤ የእናቷንም ደም ምንም አይደለም ልል አልችልም።

ከዓመት በላይ ለማንም አልተናገርኩም። በመሀሉ የግምገማ ስብሰባ ላይ ካርድ በጥንቃቄ በማስሞላት ተመሰገንኩ። በእኔ ሥር ያሉት ሴቶች ጠብታ አይዘሉም ተባለ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ማስታወሻ ደብተሬን እያየሁ ጠበቅኩ።

የተናገርኩት ወልቂጤ ውስጥ ነው። ለቀጣዩ ዙር የተቀጠሩ አዳዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች እየሠለጠኑ ነበር፤ የካርዱን አሞላል እንዳስተምር የተመደብኩት እኔ ነኝ። ስለ ጠብታው ሳስረዳ አንዲት ወጣት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ «ሴትየዋ ይሄ አይቆጠርም ብትለን ምን እንበላት?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ሰዓቱ ሳይደርስ ግን ለምሳ ውጡ አልኳቸው።

አስተባባሪያችን ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ብዙ ዓመት በአዋላጅነት የሠሩ የቡታጅራ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። ሠልጣኞቹ ሲወጡ እሳቸው አልወጡም። «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከካርዱ ጀምሬ፣ የአማቷን፣ የባሏን፣ ማንበብ ለማትችል ሴት የሰጠሁትን ወረቀትም ሳላስቀር ተናገርኩ። ባጃጁንም ነገርኳቸው።

ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እኔ እኮ ያኔ ቡታጅራ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ነበርኩ» አሉ። «አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን። ይቺ ሴት እሰግድበታለሁ ስትል ምን ማለቷ ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«የማውቅ መስሎኝ ነው» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ወይ ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። አንዱንም አላደረጉም።

«ይህንን ያልሽው ለእሷ ብቻ ነው?» አሉኝ።

ይህ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ የማስበው ስለ እሷ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ስለ እሷና ስለ ራሴ። ንጹሕ ካርድ ይዛ ለመጣች ሁሉ ግን ጣቴን ባዶው ሳጥን ላይ አድርጌ ያንኑ ብያለሁ። ያ ጭብጨባም ለዚህ ነበር።

«ለሁሉም» አልኳቸው።

«ረመዳን ላይ የነበሩት ስንት ናቸው?»

«አላውቅም። መዝገቡ ላይ ይኖራል።»

«እንግዲያው ከሰዓት ካርዱን እኔ አስተምራለሁ፤ አንቺ ስማቸውን ስትለቅሚ ቆዪ። ነገ ቡታጅራ አብረን እንወርዳለን።»

«ሄደን ምን እንበላቸው?»

«ምንም አንላቸውም፤ እንጠይቃቸዋለን። ጾማቸውን ምን እንዳደረጉት፣ ቤት ውስጥ ምን እንደተባሉ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ለእሷ ግን ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ በር ላይ እቆያለሁ።»

እሺ አልኩ። ሠልጣኞቹ ከምሳ ሲመለሱ ድምፃቸው ከደረጃው ይሰማ ነበር። መዝገቡን ለሥልጠናው ካመጣነው ካርቶን አውጥቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።