በሩ የተዘጋ ማድ ቤት

ዛሬ ጠዋት መብራት ሄደና የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ቀዘቀዘ። ምን ይደረግ፣ ከጓሮ ጥቂት የባሕር ዛፍ ፍልጥ አምጥቼ ጉልቻው ላይ ደረደርኩ። የቦንጋ እንጨት መቼም አይደርቅም፤ ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ይተካል፣ ጉሙ ሲገፈፍ ዝናቡ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ እፍ ብዬ በአራተኛው ጭሱ ዓይኔን ሞላውና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እኔ ግን ብቻዬን እስቅ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ ሰውዬ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው እፍ ሲሉ ታዩኝ።

ከደካ ወደ ቦንጋ የመጣሁት አስራ አንደኛ ክፍል ልማር ነው። እናቴ ከአንድ እስር ቆጮ ጋር ለአከራዮቼ ለጋሼና ለባለቤታቸው ለእትዬ አደራ ብላ አስረክባኝ ተመለሰች። ጋሼ የማዘጋጃ ቤት ጡረተኛ ነበሩ። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ገና ቢሮ የሚገቡ ይመስሉ ነበር። ለወንድ የማይገባ የሚሉት ሥራ ብዙ ነው። ሰው ፊት ብርጭቆ ውሃ እንኳ ራሳቸው አይቀዱም፤ እኔን ይጣራሉ። በማድ ቤቱ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንባቸው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ያልፋሉ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ላይ አልወደድኳቸውም ነበር።

እትዬ ደግሞ በሰፈሩ ስማቸው የገነነ ወጥ ሠሪ ናቸው። የሰፈሩ ጽዋ ማህበር እነሱ ቤት ሲደርስ ሰው ቁርሱን ሳይበላ ይመጣል ይባል ነበር። ከቤት ብዙም አይወጡም፤ ሲወጡም ክንዳቸው በጋሼ ክንድ ውስጥ ነው። ሰፈሩ ይህን አይቶ፣ በዚህ ዕድሜያቸው እንኳ ፍቅራቸው አልቀዘቀዘም እያለ ይቀናባቸዋል። የእትዬ ዓይን ሁልጊዜ ያለቅሳል። ምነው ሲባሉ ጭስ ነው ይላሉ፣ በዚያው ያበቃል።

ግራ የገባኝ የማድ ቤቱ በር ነው። ውስጥ እሳት ሲነድ በሩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ጭሱ በቆርቆሮው ቀዳዳና በግድግዳው ስንጥቅ እየተሹለከለከ ይወጣል፣ በሩ ግን አይከፈትም። የጎረቤታችንን ሴትዮ ብጠይቃት፣ ሙያዋን እንዳንሰርቃት ነው አለችኝ፤ ከእኛ ሰፈር ሴት መሃል ቁሌቱን ስታቁላላ ያያት የለም።

አንድ ቀን ክብሪቴ አለቀና እሳት ልጭር ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ሄድኩ። ከውስጥ የወንድ ሳል ሰማሁ። ሌባ ገብቶ ይሆናል ብዬ በሩን ገፋ ሳደርገው ጭሱ ፊቴ ላይ ተደፋ። ቀስ እያለ ሲገለጥልኝ ጋሼ ናቸው። የእትዬን አሮጌ ነጠላ ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ ድስቱ ላይ ተደፍተው ሽንኩርት ያማስላሉ። እትዬ ከግድግዳው ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ድስቱ አዘንብለዋል።

"በሩን ዝጊው" አሉ ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ።

ገብቼ ዘጋሁት። እትዬ፣ ሽንኩርቱ ድምፁ ደርቋል ጠብ አድርግበት አሏቸው፣ እሳቸውም እንደ ታዛዥ ተማሪ ውሃ ጠብ አደረጉበት። እትዬ ቀና ሲሉ የዓይናቸው ብሌን ላይ ውሃ እንደነካው ወተት ነጣ ያለ ነገር ጋርዶት አየሁ። በሩ ላይ መቆሜን ያወቁት በብርድ ንፋሱ ነበር። የዓይን ሞራ ነው። ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸው በጆሮና በአፍንጫ ያዛሉ፣ ጋሼ በእጃቸው ይሠራሉ። ጋሼ ማድ ቤት ገቡ ተብሎ እንዳይወራ በሩ ይዘጋል፣ በሩ ስለሚዘጋም ጭሱ ሁለቱን አፍኖ ይውላል። ያን ዕለት ስለ ሁለቱም የነበረኝ ሐሳብ ሁሉ ተገለበጠ፤ ጋሼን እንደ አባቴ ወደድኳቸው።

ከዚያ ወዲያ እኔም የምስጢሩ ተካፋይ ሆንኩ። ደጃፍ ላይ ዕቃ የማጥብ መስዬ እቀመጣለሁ፤ ሰው ሲመጣ ሳህን ከሳህን አጋጫለሁ። ጋሼ ይሄኔ ከኋላ የላላውን ጣውላ ገፍተው ወደ እንሰቱ ይወጡና፣ በጓሮ ዞረው በፊት ለፊት ከዘራ ይዘው ይከሰታሉ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ ስትመጣ እንደ ልማዳቸው ዞረው መጡ፤ ነገር ግን ግንባራቸው ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ጥላሸት አለ። ሴትዮዋ ግንባራቸውን ትኩር ብላ አየች። ጋሼ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ጧት ቤተ ክርስቲያን የእምነት አመድ ተቀብቼ ነው አሏት። እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ይማረን አባቴ ብላ ወንፊቷን ይዛ ሄደች። እትዬ ጨለማው ውስጥ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሲስቁ ቆይተው፣ ሲያቅታቸው ከዱካው ወደቁ። ጋሼ ለማርያም ንስሐ እገባለሁ ሲሉ ደግሞ እንደገና ጀመራቸው። እንደዚያ ዓመት የሳቅሁበት ዘመን የለም። ከሽሮው ቀጥሎ የኮረሪማው ሽታ ይመጣል፣ ጣራው ላይ ዝናቡ ያንጓጓል፣ ሦስታችንም እያለቀስን እንስቃለን።

የዓይን ሐኪሞች መጡ የተባለው የዚያን ዓመት ነው። መኪና ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ፣ የዓይን ሞራ ያለበት ሁሉ ሆስፒታል ሄዶ በነፃ እንዲታከም እየለፈፈ በሰፈራችን አለፈ። ምዝገባው የሚያልቀው እነ ጋሼ ማህበር በሚያወጡበት ማግስት ነበር። ጋሼ ለመኗቸው፣ እኔም ለመንኳቸው። እትዬ አሻፈረኝ አሉ። ቢላውን ፈርተው መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ጋሼ የሌሉበት ጊዜ ጠብቀው ነገሩኝ።

"አታይም ከተባለ፣ ታዲያ ወጡን ማን ሲሠራ ኖረ ይባላል። ሰው በባሌ ሲስቅ ከምሰማ ጨለማው ይሻለኛል፤ ለምጄዋለሁ።"

ይህን ለጋሼ አትንገሪ አላሉኝም። ስለዚህ ነገርኳቸው። ጋሼ ፍልጣቸውን መፍለጥ ቀጠሉ።

የማህበሩ ዕለት ዶሮ ወጡ ቀረበ። ሰው በላ፣ ጠላው ዞረ፣ ጎረቤታችን እንደ ወትሮዋ እትዬ፣ እጅዎን ይባርከው እያለች አሞጋገሰች። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው፣ አሜን ሊሉ ሲሉ ጋሼ ተነሱ። ካፖርታቸው ተቆልፏል፣ ከዘራቸው በእጃቸው ነው፤ ንግግር ሊያደርጉ መስሎን ዝም አልን።

"ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ሲቀልዱ ሰምተው አያውቁምና ወደዱላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ፣ ፈረሰኛውና መላላጫው ከየት ከየት እንደሚወጣ፣ ኮረሪማው መቼ እንደሚገባ፣ አንዱንም ሳይዘሉ ተረኩ። ሳቁ አንድ በአንድ እየበረደ ሄደ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ይህን ያልሠራ ሰው አያውቀውም። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ባለቤታቸው እንደማታይ፣ ነገ ምዝገባው እንደሚያልቅ፣ እሳቸው እንዳይዋረዱ ብላ ከምትቀር ተዋርደው ማደር እንደሚሻላቸው ተናገሩ። እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርም። መጀመሪያ የተናገሩት የማህበሩ ቄስ ናቸው። ጣታቸውን ላስ አድርገው፣ የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነው፣ ጋሼ ከዋዜማው ይምጡልኝ አሉ። የዚያን ጊዜው ሳቅ ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

በማግስቱ እትዬን ይዛ ሆስፒታል የሄደችው ጎረቤታችን ራሷ ናት፤ መንገድ ለመንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን እምነት መስሎኝ የማድ ቤት ጥላሸት ተሳለምኩ እያለች ስታሳስቀን ነበር። ባልና ሚስቱ አሁን ሁለቱም የሉም። ያንን ጠዋት ግን ትናንት ይመስለኛል።

የእትዬ አንዱ ዓይን ከተሠራ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ፋሻው ተፈታ። ነርሷ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው፣ ዕድሜም ነው እማማ፣ የማድ ቤት ጭስም ረድቶታል እያለች ቀስ ብላ ገለጠችላቸው። በመስኮቱ ፀሐይ ገብቷል። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። ነርሷ ጣቶቿን ዘርግታ ስንት ነው አለቻቸው። እትዬ ጣቷን ትተው ጋሼን ያያሉ።

"መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?" አሉ።

ጋሼ ወደ እሳቸው ጎንበስ አሉ። "አንቺ ሳታዪኝ ነዋ።"

ነርሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እትዬ ግን አልሳቁም። በተሠራው ዓይናቸው ጠጋ ብለው የጋሼን ዓይን መረመሩ። ሽፋሽፍታቸው ተለብልቦ አልቋል፣ ነጩ ደም መስሏል፣ እንባው በጉንጫቸው ሸንተረር ይወርዳል። ስንትና ስንት ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጠው ሽንኩርቱን በድምፁ፣ ወጡን በሽታው ሲያውቁ፣ ይሄንን አላወቁም ነበር። በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉላቸውና ወደ ነርሷ ዞሩ።

"ልጄ፣ ቀጥሎ እሱን እዪልኝ" አሉ፤ ተነሥተውም ወንበሩን ለጋሼ ለቀቁላቸው።